በቤት የተሠራ የኤሌክትሪክ ብስክሌት፦ የአንድ ዳቦ አከፋፋይ ጉዳይ ከባሕር ዳር

መነሻ

ይህ የጉዳይ ጥናት በባሕር ዳር ከተማ በአንድ አነስተኛ የብስክሌት ጥገና ቤት ውስጥ ስለተሠራ፣ በኋላም ደረጃ በደረጃ እየተለካና እየተስተካከለ ለዕለት ሥራ ስለበቃ አንድ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ነው። ሠሪው በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ የብረታ ብረት ሥራ የተማረ ወጣት ሲሆን ተጠቃሚው ደግሞ አጎቱ ናቸው። እኔ ኤሌክትሪክ የማስተምር ባለሙያ ነኝ፤ ወደ ጉዳዩ የገባሁት ብስክሌቱ ከተሠራ በኋላ ችግር በማሳየቱ ወጣቱ እንድመለከትለት ስለጠየቀኝ ነው። የሁለቱም ስምና የሥራ ቦታቸው ትክክለኛ አድራሻ ሆን ተብሎ አልተጠቀሰም።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ብዙ ይነገራል፤ የሚነገረው ግን በአብዛኛው ስለ መኪና ነው። ብስክሌት በቤት ውስጥ ካለ አሮጌ አካልና ከገበያ ከሚገዛ ሞተር ሊሠራ ስለሚችል ለብዙ ሰው ይበልጥ የሚቀርበው እሱ ነው። ብዙ ወጣቶች ይሞክሩታል፤ የብዙዎቹም ሙከራ ሞተሩ ከተገጠመና ጎማው ከዞረ በኋላ፣ ሥራው ያለቀ በመሰለበት ሰዓት ይሰናከላል። የዚህ ብስክሌት ታሪክ የዚያን መሰናከል ምክንያት በግልጽ ስለሚያሳይ በዝርዝር መጻፍ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ተጠቃሚው፣ መንገዱና ጭነቱ

አጎትየው ዳቦ ያከፋፍላሉ። ገና ሳይነጋ ከዳቦ ቤት ተነሥተው በከተማው ልዩ ልዩ ሰፈሮች ላሉ ሱቆችና ሻይ ቤቶች ያደርሳሉ፤ የቀኑ ጉዞ ደርሶ መልሱ ሲደመር 24 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በጣና ዳር የተዘረጋው ከተማ አብዛኛው ክፍል ሜዳ በመሆኑ ብስክሌት ለዘመናት የሕዝቡ መጓጓዣ ሆኖ ቆይቷል። ሆኖም ከደንበኞቻቸው አንዳንዶቹ ከዓባይ ድልድይ ማዶ፣ ወደ ቤዛዊት በሚወስደው አቅጣጫ ይገኛሉ፤ እዚያ ሜዳው ያበቃና ዳገት ይጀምራል። ውስጥ ለውስጥ ያሉት መንገዶችም በብዛት ኮብልስቶን ናቸው።

የጉልበት ሕመም ስለጀመራቸው ዳገቱን በእግራቸው እየገፉ መውጣት ተያያዙት። የባጃጅ ኪራይ ደግሞ የዳቦውን ትርፍ ይበላዋል። የወንድማቸው ልጅ የኤሌክትሪክ ሞተር ሊገጥምላቸው ያሰበው በዚህ ምክንያት ነበር። ክብደቱን አንድ ባንድ መዝነናል፦ ሰውየው 65 ኪሎ፣ የቆየው ባለ ብረት የቻይና ብስክሌት 20 ኪሎ፣ ዳቦው ከነቅርጫቱ 30 ኪሎ ያህል። ይህ ዝርዝር ተራ ቢመስልም በኋላ የተደረሰበት መልስ ሁሉ ከእሱ የሚነሣ ነው።

የመጀመሪያው አሠራር

ወጣቱ የገዛው በፊት ጎማ መሀል የሚገጠም፣ ባለ 36 ቮልትና ባለ 350 ዋት ሞተር ነው። በውስጡ የፍጥነት መቀነሻ ጥርሶች ያሉት ዓይነት ስለሆነ በዝቅተኛ ፍጥነትም ጥሩ ጉልበት ይሰጣል፤ ለዳገትና ለጭነት የሚስማማ ምርጫ ነበር። ከሞተሩ ጋር እስከ 15 አምፔር የሚያሳልፍ ኮንትሮለር፣ ማለትም ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠር ሣጥንና በእጅ የሚጠመዘዝ ነዳጅ መስጫ አብረው መጥተዋል። ሞተሩን በአዲስ የአልሙኒየም ቸርኬ ላይ አስሮ በፊት ሹካው ገጠመው።

ለኃይል ምንጭነት ሦስት ባለ 12 ቮልትና ባለ 12 አምፔር-ሰዓት የእርሳስ ባትሪዎችን በተከታታይ አገናኝቶ ከኋላ መጫኛው ሥር በላሜራ ሳጥን ውስጥ አሰራቸው። ሦስቱ ባትሪዎች 13 ኪሎ ይመዝናሉ፤ የያዙት ኃይል በስሌት፣ ማለትም 36 ቮልት በ12 አምፔር-ሰዓት ሲባዛ፣ 432 ዋት-ሰዓት ነው። በሜዳ ላይ እንዲህ ያለ ብስክሌት በኪሎ ሜትር 9 ዋት-ሰዓት ገደማ ስለሚበላ የ24 ኪሎ ሜትሩ መንገድ የሚፈልገው ከ220 ዋት-ሰዓት ብዙም አይበልጥም። በወረቀት ላይ ሲታይ ባትሪው እጥፍ ያህል ይበቃል ማለት ነው።

በመንገድ ላይ የታየው ግን ሌላ ነበር። ብስክሌቱ በሜዳው በደስታ ይሄድና ዳገቱ መሀል ላይ ድንገት ኃይል ያጣል፤ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይነሣል፤ ከዚያ እንደገና ይቆማል። ሞተሩና ባትሪው ሲጨመሩ 133 ኪሎ ከደረሰ ጠቅላላ ክብደት ጋር መሀል ዳገት ላይ መቆም ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ቀድሞ ከነበረው የከፋ ነው። ወጣቱ የደረሰበት መደምደሚያ ሞተሩ ደካማ ነው የሚል ነበር፤ ባለ 1,000 ዋት ሞተር ለመግዛትም ገንዘብ ማሰባሰብ ጀምሮ ነበር።

ከመግዛት በፊት መለካት

ምንም ከመገዛቱ በፊት በባትሪውና በኮንትሮለሩ መካከል ቮልትና አምፔር የሚያሳይ ትንሽ መለኪያ አስገባን። ወጣቱ ብስክሌቱን ከነጭነቱ እየነዳ በሜዳና በዳገት ንባቡን መዘገበ።

በሜዳ ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የሚስበው 5 አምፔር ገደማ ነበር። በዳገቱ ላይ ንባቡ ወዲያው 15 አምፔር ደረሰ፤ ይህም የኮንትሮለሩ ወሰን ነው። ስሌቱም ይህንኑ ይደግፋል፦ 133 ኪሎን በመቶ ሜትር 5 ሜትር በሚያሻቅብ መንገድ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ለማውጣት ለከፍታው ብቻ 270 ዋት ያስፈልጋል፤ የጎማው መፋተግና ነፋሱ ሲጨመሩበት ወደ 350 ዋት ይጠጋል፤ በሞተሩ ውስጥ በሙቀት የሚባክነው ሲታከልበት ደግሞ ከባትሪው የሚወጣው 540 ዋት ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ሞተሩ የሚጠበቅበትን እየሠራ ነበር።

ችግሩ የታየው በቮልቱ ላይ ነው። ቆሞ ሲለካ ከ37 ቮልት በላይ የነበረው ባትሪ በ15 አምፔር ጊዜ ከ31 ቮልት በታች ይወርዳል። ኮንትሮለሩ ደግሞ ባትሪው ከመጠን በላይ እንዳይራቆት 31.5 ቮልት ላይ ኃይል እንዲቆርጥ ተደርጎ የተሠራ ነው። ሲቆርጥ ጭነቱ ስለሚቀር ቮልቱ ተመልሶ ይወጣል፤ ሞተሩም ይነሣል፤ እንደገና ሲስብ ይወርዳል። ብስክሌቱን መሀል ዳገት ላይ ያቆመው ይህ ዑደት ነው። ባለ 1,000 ዋት ሞተር ቢገዛ ኖሮ የሚስበው አምፔር ይበልጥ ጨምሮ ችግሩን ያባብሰው ነበር።

ቀጥሎ ቮልቱ የት እንደሚጠፋ ፈለግን። እያንዳንዱን ባትሪ ለየብቻ በጭነት ጊዜ ስንለካ ሁለቱ 11 ቮልት ገደማ ሲያሳዩ ሦስተኛው 8.7 ላይ ወደቀ። በተከታታይ በተገናኙ ባትሪዎች ውስጥ ደካማው የሁሉንም ወሰን ይወስናል፤ ሁለቱ ገና ብዙ ይዘው ሳለ እሱ ቀድሞ ስለሚያልቅ በኮንትሮለሩ ዓይን ሁሉም ያለቁ ይመስላሉ። በተጨማሪም ከባትሪው ወደ ኮንትሮለሩ የሚሄደው ሽቦ ለቤት መብራት የሚውል ቀጭን ሽቦ ነበር፤ መገናኛዎቹም ተጠምዝዘው በፕላስተር የተጠቀለሉ ናቸው። በዚህ መስመር ላይ ብቻ በ15 አምፔር ጊዜ 1.2 ቮልት ይጠፋል፤ ይህ ማለት 18 ዋት ሽቦና መገናኛ ለማሞቅ ብቻ ይውላል። ፕላስተሩ ሥር የቀለጠ ፕላስቲክ አግኝተናል።

ከእርሳስ ወደ ሊቲየም

በመጀመሪያ የተወሰደው ርካሹ እርምጃ ነበር፦ ሽቦው በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ተተካ፤ ርዝመቱ አጠረ፤ መገናኛዎቹ በብየዳ ተያያዙ፤ ከባትሪው አወንታዊ ጫፍ አጠገብም ባለ 20 አምፔር ፊውዝ ገባ። ደካማው ባትሪ በአዲስ ተቀየረ። ብስክሌቱ ዳገቱን ወጣ፤ ሁሉም ተደሰተ። ደስታው ግን አልቆየም። ከሳምንታት በኋላ አሮጌዎቹ ሁለቱ በተራቸው መድከም ጀመሩ፤ አዲሱ ባትሪ ከአሮጌ ጋር ሲታሰር የአሮጌዎቹን ዕድሜ አያራዝምም፤ ቻርጀሩም ሦስቱን እንደ አንድ ስለሚያይ አንዱን ከመጠን በላይ ሲሞላ ሌላውን ያጎድላል።

ቀጥሎ ወጣቱ ከተጣሉ የላፕቶፕ ባትሪዎች የተለቀሙ የሊቲየም ሕዋሳትን፣ ማለትም አንድ ባትሪ የሚገነባባቸውን ነጠላ ትናንሽ ባትሪዎች፣ አሰባስቦ ለመሥራት ሞከረ። ሐሳቡ ቆጣቢነት አለው፤ በጥንቃቄ የሚሠሩትም አሉ። ነገር ግን ሕዋሳቱን ሞልቶ ለቀናት ሲያስቀምጣቸው አንዳንዶቹ ቮልታቸውን በራሳቸው አጡ፤ ሌሎቹ ሲሞሉ ሞቁ። የያዙት መጠንም በጣም ይለያያል። ሕዋሳቱን በተራ ካውያ ማያያዝም ሌላ አደጋ ነው፤ ሙቀቱ የሕዋሱን ውስጣዊ ክፍል ይጎዳል፤ ለዚህ የሚያገለግለው የኒኬል ቅጠልን በቅጽበት የሚያጣብቅ የነጥብ ብየዳ ማሽን በጥገና ቤቱ አልነበረም። የሊቲየም እሳት አንዴ ከተነሣ ለማጥፋት እጅግ አስቸጋሪ መሆኑንና ባትሪው የሚሞላው ቤተሰብ በሚተኛበት ቤት ውስጥ መሆኑን ስናስብ ይህ መንገድ መቆም ነበረበት። ወጣቱ ለብዙ ጊዜ የለፋበትን ሥራ መተዉ ከባድ ውሳኔ ነበር፤ እኔም በዚህ ውሳኔው አከብረዋለሁ።

በመጨረሻ በአዲስ ሕዋሳት የተሠራና የጥበቃ ሰሌዳ ያለው ዝግጁ ባትሪ ከአዲስ አበባ ተገዛ። ዐሥር ሕዋሳት በተከታታይ፣ አምስት ጎን ለጎን የተያያዙበት ሲሆን 36 ቮልትና 12.5 አምፔር-ሰዓት፣ ማለትም 450 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ከነሳጥኑ 3.5 ኪሎ ብቻ በመመዘኑ ብስክሌቱ ከ9 ኪሎ በላይ ቀለለ። የያዘው ኃይል ከእርሳሱ እምብዛም አይበልጥም፤ ሆኖም በዳገት ላይ ቮልቱ የሚወርደው በ2 ቮልት ገደማ ብቻ ስለሆነ ኮንትሮለሩ አይቆርጥም። የኪሎ ሜትር ፍጆታውም ወደ 8 ዋት-ሰዓት ወረደ፤ የቀኑ መንገድ ከባትሪው ግማሽ እንኳ አይወስድም።

እዚህ ላይ አጥብቄ የማሳስበው አንድ ነገር አለ። ባለ 36 ቮልት የእርሳስ ቻርጀር እስከ 44 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ ይህ የሊቲየም ባትሪ ግን 42 ቮልት ላይ ይሞላል። የሁለቱም መሰኪያ አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። የጥበቃ ሰሌዳው ትርፉን ለመቁረጥ የተሠራ ቢሆንም እሱ የመጨረሻው መከላከያ ነው፤ የዘወትር ሥራ ሊሰጠው አይገባም። ስለዚህ አሮጌው ቻርጀር ከቤቱ ጨርሶ እንዲወጣ ተደረገ። ባትሪው የሚሞላው ከአልጋና ከመጋረጃ ርቆ በሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ሰው ነቅቶ ባለበት ሰዓት ነው። ባለ 2 አምፔር ቻርጀሩ ከባዶ ለመሙላት ከ6 ሰዓት በላይ ቢፈልግም በየቀኑ የሚጎድለው ግማሽ ገደማ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ተሰክቶ ማታ ይደርሳል፤ መብራት ቢጠፋም ለነገው የሚበቃ ይተርፋል።

የፊት ሹካውና አክስሉ

በአሠራሩ ውስጥ እጅግ አደገኛው ክፍል በዓይን የማይታይ ነበር። በተራ ብስክሌት ላይ የፊት አክስል የሚሸከመው ክብደት ብቻ ነው። ሞተር ያለው አክስል ግን ጎማው ወደፊት ሲዞር እሱ ራሱ ወደኋላ ለመዞር ይታገላል፤ ይህን ትግል የሚይዘው የሹካው ጫፍ ቀጭን ብረት ነው። የአክስሉ ጠፍጣፋ ጎኖች በ10 ሚሊ ሜትር ብቻ ይራራቃሉ። ሞተሩ 40 ኒውተን-ሜትር ጉልበት ሲያወጣ በዚህ ጠባብ ርቀት ላይ የሚያርፈው ግፊት ወደ 4,000 ኒውተን፣ ማለትም እንደ 400 ኪሎ ክብደት ይሆናል። ዳዶው ትንሽ ሲላላ የሹካው ጫፍ ይከፈታል፤ አክስሉ ይዞራል፤ ከአክስሉ ውስጥ የሚወጡት ሽቦዎችም ተጠምዝዘው ይቆረጣሉ። ከዚያ የሚከተለው የፊት ጎማ መውጣት ነው።

በዚህ ብስክሌት ላይ አክስሉ ኮብልስቶን ላይ ሲነሣ ሩብ ዙር ያህል ዞሮ ሽቦዎቹን ቆረጠ። ጎማው አልወጣም፤ ሰውም አልተጎዳም። የብረታ ብረት ትምህርቱ ለወጣቱ የጠቀመው እዚህ ላይ ነው። ከ6 ሚሊ ሜትር ብረት ሁለት ክንዶች ቆርጦ የአክስሉን ጠፍጣፋ ጎን ያለ ክፍተት እንዲነክሱ በሞረድ አስተካከላቸው፤ ሌላውን ጫፋቸውን ከአክስሉ 10 ሳንቲ ሜትር ርቆ በሹካው እግር ላይ በማቀፊያ አሰረው። ርቀቱ ዐሥር እጥፍ በመሆኑ ግፊቱ ወደ 400 ኒውተን ይወርዳል፤ የብረት ሹካ ይህን በቀላሉ ይችላል። ሹካው አልሙኒየም ቢሆን ኖሮ በፊት ጎማ ላይ ሞተር እንዲገጠም ፈጽሞ አልመክርም ነበር፤ አልሙኒየም ሳያስጠነቅቅ ይሰነጠቃል።

ፍሬንና ፍጥነት

የአሮጌው ብስክሌት ፍሬን በዘንግ እየተሳበ የቸርኬውን ውስጠኛ ጠርዝ የሚጫን ነበር። አዲሱ የአልሙኒየም ቸርኬ ለዚያ ዓይነት ፍሬን ስላልተሠራ ሞተሩ ሲገጠም የፊት ፍሬን ተነሥቶ ቀርቷል። ብስክሌት ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያጋድል አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊት ፍሬን ነው። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረው ብስክሌት 25 ሲሄድ ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ኃይል ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ፍጥነት ተጨምሮ ፍሬን ተቀንሷል ማለት ነው። ብዙ በቤት የተሠሩ ብስክሌቶችን ስመለከት ይህ ጉድለት ይደጋገማል፤ ከሁሉ በላይም የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

የጭቃ መከላከያው በሚታሰርበት የሹካው ራስ ቀዳዳ በኩል ረጅም ክንድ ያለው በሽቦ የሚሳብ ፍሬን ተገጠመ። የፍሬን እጀታዎቹም ገና ሲነኩ የሞተሩን ኃይል የሚቆርጥ ማብሪያ ባላቸው ተቀየሩ። ከኮንትሮለሩ የሚወጣውን የፍጥነት መገደቢያ ሽቦ በማገናኘት ብስክሌቱ በሞተር ከ25 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንዳይበልጥ ተደረገ። ወጣቱ መጀመሪያ አልወደደውም፤ «ጋሼ፣ እስከ 35 ይሄድ ነበር እኮ» አለ። አጎትየው ግን «ልጄ፣ እኔ የምፈልገው ዳቦው ሳይቀዘቅዝ፣ እኔም ሳልወድቅ መድረስ ነው» ብለው ነገሩን ዘጉት። የነፋስ መቋቋም በፍጥነት እጅግ ስለሚጨምር በ35 ለመሄድ የሚያስፈልገው ኃይል በ25 ከሚያስፈልገው ከእጥፍ ይበልጣል፤ ገደቡ ስለዚህ ባትሪንም ይቆጥባል።

የክረምቱ ፈተና

ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ ለኤሌክትሪክ መገናኛዎች ትዕግሥት የለውም። ወጣቱ ኮንትሮለሩን በፌስታል ጠቅልሎ በፕላስተር አሸገው፤ ይህ ግን አልሠራም። ኮንትሮለሩ በሥራ ላይ ስለሚሞቅና ሲቆም ስለሚበርድ በውስጡ የተዘጋው እርጥብ አየር ወደ ውኃ ተለወጠ፤ የሞተሩን አዟዟር ለኮንትሮለሩ የሚጠቁሙት ሦስት ሽቦዎች መገናኛም ዛገ፤ ሞተሩም እየተንቀጠቀጠ መነሣት ጀመረ። መፍትሔው ከማሸግ ይልቅ ውኃው የሚወርድበትን መንገድ መስጠት ሆነ፦ ኮንትሮለሩ ከመቀመጫው ሥር ሽቦዎቹ ወደ ታች እንዲወጡ ተደርጎ ክፍት ታች ባለው ሽፋን ውስጥ ገባ፤ እያንዳንዱ ሽቦ ወደ መገናኛው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ቀልበስ እንዲል ተደረገ፤ ጠብታው እዚያ ይወድቃል። መገናኛዎቹም ቅባት ተቀቡ።

ሙሉ በሙሉ ያልተፈታው ጉዳይ የፊት ጎማው መንሸራተት ነው። ዳቦው ከኋላ ስለሚጫን በዳገት ላይ የፊት ጎማው ይቀልላል፤ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ሞተሩ ጎማውን በባዶ ያሽከረክረዋል። ባትሪው ከኋላ ተነሥቶ በብስክሌቱ መሀል ሦስት ማዕዘን ውስጥ መግባቱ ነገሩን አሻሽሏል፤ አላስወገደውም። አጎትየው በዚያ ቦታ ነዳጁን ቀነስ አድርገው ፔዳሉን አብረው ይመታሉ። ሞተሩ መጀመሪያውኑ ከኋላ ቢገጠም ኖሮ ይህ ችግር አይኖርም ነበር፤ ከኋላ ለሚጭን ሰው ወደፊት የምመክረው ይህንን ነው።

ለሌሎች ሠሪዎች የሚጠቅሙ ነጥቦች

ከሞተር ምርጫ በፊት ክብደቱን፣ የመንገዱን ርዝመትና ዳገቱን መመዝገብ ይገባል፤ ከእነዚህ ሦስቱ የሚያስፈልገው ዋትና ዋት-ሰዓት በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ይሰላል። ብስክሌቱ ሲደክም ደግሞ የመጀመሪያው ግዢ ቮልትና አምፔር የሚያሳይ መለኪያ ይሁን፤ ዋጋው ከማንኛውም ሞተር ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ በዚህ ጉዳይም ሳያስፈልግ ሊገዛ የነበረን ሞተር አስቀርቷል። ባትሪ የሚመዘነው በያዘው ኃይል ብቻ ሳይሆን በከባድ ጭነት ጊዜ ቮልቱን ምን ያህል ይጠብቃል በሚለውም ጭምር ነው፤ መለካት ያለበትም በዳገት ላይ እንጂ ቆሞ አይደለም።

የሥራውን ቅደም ተከተል በተመለከተ ከዚህ በኋላ ለሚጠይቁኝ ወጣቶች የምነግራቸው ሁለት ፍሬን፣ የአክስል መያዣ ክንድና ፊውዝ ሳይገቡ ሞተሩን በመንገድ ላይ እንዳያስነሡ ነው። ሦስቱም ከጠቅላላው ወጪ ትንሹን ድርሻ ይይዛሉ፤ ከሦስቱ አንዱ የጎደለበት ብስክሌት ግን ለነጂው ብቻ ሳይሆን መንገድ ለሚያቋርጥ ሕፃንም አደጋ ነው።

አሁን ያለበት ሁኔታ

ብስክሌቱ በየቀኑ ይሠራል። አጎትየው ከድልድዩ ማዶ ያሉትን ደንበኞች አልተዉም፤ በዳገቱ ላይም ፔዳል እየመቱ ስለሚያግዙት ሞተሩ ከ15 አምፔር ወሰኑ በታች ይቆያል፤ ሲነካም ለብ ያለ ብቻ ነው። የቸርኬው ሽቦዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለላሉ እንደገና ተወጥረዋል፤ የአክስሉ ዳዶም በየሳምንቱ በመፍቻ ይፈተሻል። ሦስቱ የእርሳስ ባትሪዎች አሲድና እርሳስ ስላለባቸው ሜዳ ላይ አልተጣሉም፤ አሮጌ ባትሪ ለሚሰበስብ ነጋዴ ተሸጠዋል። ወጣቱ አሁን ለአንዲት ጎረቤቱ ተመሳሳይ ብስክሌት እየሠራ ሲሆን በዚህኛው ላይ ሞተሩ ከኋላ ነው፤ የመጀመሪያ ሥራውም የፊቱን ፍሬን መግጠም ሆኗል።